መብራት ሲሄድ ማን መጠበቅ አይችልም? የድሬዳዋን የነገ ኃይል ለማቀድ የሚረዳ መመሪያ

በግንቦት ሙቀት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለድሬ ልጅ አይነገርም። ቬንትሌተሩ ይቆማል። ሕፃኑ ያለቅሳል። ፍራሽ ወደ ግቢ ይወጣል። ሲመጣ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ "መጣ!" ይላል። በማግስቱ ነገሩ ይረሳል።

ይህን የምጽፈው እንዳይረሳ ነው። በቀበሌ፣ በዕድር፣ በወጣት ማኅበር፣ በትምህርት ቤት ወይም በከተማው አስተዳደር ውስጥ ሆናችሁ "የድሬ ኃይል ከ10 ዓመት በኋላ እንዴት ይሆናል?" ብላችሁ ለምታስቡ ነው። ግድቡንና ትልቁን መስመር የሚያቅዱ አሉ። ሰፈራችሁን ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

ብዙ የኃይል ዕቅድ "ስንት ሜጋ ዋት እንጨምር?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ጥያቄውን አስቀድሜ እለውጠዋለሁ። መብራት ሲሄድ ማን መጠበቅ አይችልም? ይህን ካወቃችሁ ገንዘቡ መጀመሪያ የት መዋል እንዳለበት ራሱ ይመጣል።

1. መጠበቅ የማይችለውን ለዩ

ደብተር ያዙ። ገጹን ሦስት ቦታ ክፈሉና "ደቂቃ"፣ "ሰዓታት"፣ "ቀናት" ብላችሁ ጻፉበት። በአካባቢያችሁ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሁሉ እየጠራችሁ፣ መብራት ቢቋረጥ ምን ያህል እንደሚታገሥ መድቡ።

በመሣሪያ ኦክስጅን የሚያገኝ ሕመምተኛ፣ የቀዶ ጥገና ክፍል፣ ማሞቂያ ውስጥ ያለ ጨቅላ፣ እነዚህ "ደቂቃ" ናቸው። እንደ ድል ጮራና ሳቢያን ያሉ ሆስፒታሎች በዚህ ዓምድ ላይ ይቀመጣሉ። የክትባት ማቀዝቀዣ "ሰዓታት" ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ውጪው 35 ዲግሪ ሲሆን ተራ ፍሪጅ ተዘግቶም ብዙ አይታገሥም። የውሃ ፓምፕ እንደ ማጠራቀሚያው መጠን ከሰዓታት እስከ አንድ ሁለት ቀን ነው። ብየዳ ቤትና ሱቅ ይከስራሉ፣ ግን ይጠብቃሉ።

አንድ ነገር አትርሱ። በሙቀት ወራት አልጋ ላይ ያሉ አዛውንትና ሕመምተኛ ያለ ቬንትሌተር ሌሊቱን ማደር ይከብዳቸዋል። ቤታቸውን የሚያውቀው ዕድሩ ነው። ስለዚህ ዕድሩ በዚህ ሥራ ውስጥ መኖር አለበት።

ከዓመታት በፊት በገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጄኔሬተር ነበረው። ናፍጣም ነበረው። መብራት በጠፋ ማግስት ግን የማስነሻው ባትሪ ደክሞ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ። ለወራት የሞከረው ሰው አልነበረም። ነርሷ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጋ በሞተር ሳይክል ወደ ከተማ ወሰደችው። እሷ ባትደርስ ኖሮ የዚያ ወር ክትባት ሁሉ ይጣል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ "መጠባበቂያ አለን" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መጨረሻ ያስነሣችሁት መቼ ነው?

2. አንድ ዓመት መዝግቡ

መብራት የሄደበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ ሰፈሩ፣ የቆመው ነገር። አራት ዓምድ ይበቃል። ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ፣ መልካ ጀብዱ፣ ከየሰፈሩ አንድ አንድ ሰው ስልኩ ላይ ቢመዘግብ በዓመቱ መጨረሻ ማንም የማይክደው ማስረጃ ይኖራችኋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋ "ሁልጊዜ ይጠፋብናል" ብሎ መሄድና ቀንና ሰዓት የሰፈረበት ወረቀት ይዞ መሄድ በጣም ይለያያል።

ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የሚደበዝዝበትንም ጻፉ። አምፖሉ ሲቀላ፣ ፍሪጁ እያጓራ አልነሳ ሲል ችግሩ ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ነው። ወይ ጭነቱ በዝቶበታል፣ ወይ ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች (ፌዞች) በአንዱ ላይ ብቻ ብዙ ቤት ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው ከሆነ አዲስ ትራንስፎርመር ሳይገዛ፣ ቤቶቹን በሦስቱ ፌዞች ላይ እኩል በማከፋፈል ይቃለላል።

ኤሌክትሪክ ብቻ እንዳትቆጥሩ። በሳምንት ስንት ጆንያ ከሰል ቀፊራ ገበያ እንደሚገባ፣ ስንት ሸክም እንጨት በአህያና በግመል እንደሚመጣ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ቤንዚን ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደሚሰለፉ ጻፉ። እነዚህን የተወ ዕቅድ የከተማዋን ግማሽ ማዕድ ቤት ሳያይ ያልፋል።

3. "አንዱ ቢበጠስስ?" ብላችሁ ሳሉ

ትልቅ ወረቀት ላይ ድሬን መሐል አድርጉና ኃይል የሚመጣባቸውን መንገዶች ሁሉ በመስመር ሳሉ።

የኤሌክትሪኩ ዋና መስመር ከምዕራብ በአዋሽ በኩል ይመጣል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው። ቢሆንም ግድቡ ያለው በአገሪቱ ምዕራብ ጫፍ፣ እኛ ያለነው በምሥራቅ ነው። መሐል ላይ ያለው ምሰሶ ከወደቀ የግድቡ መሙላት ለዚያ ቀን ድሬን አይረዳትም። በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ውሃ አንሷቸው መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የመስመር ችግርና የዝናብ ችግር የተለያዩ ስለሆኑ በሁለት ቀለም ሳሏቸው።

ከድሬ ደግሞ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 2011 ነው ሥራ የጀመረው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ድሬ እንግዲህ የመስመር መተላለፊያ ናት። ይህ ጥሩ የመደራደሪያ ነጥብ ነው። እዚህ ያለው ማከፋፈያ ጣቢያ ቢጠናከር የሚጠቀመው ከተማችን ብቻ አይደለም። በጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ሶማሌ ክልል አይሻ፣ 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት አለ። ከምሥራቅ በኩል የሚመጣ ኃይል ለእኛ ልዩ ዋጋ አለው። ምዕራቡ ሲቋረጥ ሁለተኛ በር ሊሆነን ይችላልና።

ናፍጣና ቤንዚን ከውጭ በጅቡቲ ይገባሉ። ከሰሉ ከቆላው ይመጣል። እነዚህንም ሳሉ።

አሁን እስክሪብቶ አንሱና አንዱን መስመር ሰርዙ። ያ መስመር ለሦስት ቀን ቢቋረጥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ "ደቂቃ" እና "ሰዓታት" ያላችኋቸው ምን ይሆናሉ? ሌላውን ሰርዙ። እንደገና ጠይቁ። አንድ መስመር ብቻ የተንጠለጠለበት ነገር ባገኛችሁ ቁጥር በቀይ አክብቡት። የቀዩ ክብ ብዛት የዕቅዳችሁ የሥራ ዝርዝር ነው።

4. ውሃውን ለብቻው አስሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሬ ወንዟ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። የምንጠጣው በሳቢያንና በሌሎች ቦታዎች ከጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ነው። መብራት ሲሄድ ቧንቧ ይከተላል። ለብዙ እናቶች የመብራት መጥፋት ማለት ጨለማው ሳይሆን በማግስቱ የሚሸከሙት ጀሪካን ነው።

የሐረር ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ለሐረር ውሃ የተሳበው ከድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው ከአስሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ሐረር ከ1,800 በላይ ናት። ቧንቧው የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ዕቅድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሠራት አለበት።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,000 ሊትር ውሃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ በትንሹ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ቢሆንም ቧንቧው አቀበቱን ጭምር ስለሚወጣ፣ ለስሌት እንዲቀለን ከፍታውን 1,000 ሜትር እንበል። 2.7 ይሆናል። ፓምፕና ሞተር ከሚወስዱት ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጡት 65 በመቶ ገደማ ነው ብንል 4.2 ኪሎ ዋት ሰዓት እንደርሳለን። ይህን ለ50 ብታካፍሉት የአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ድርሻ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 9 ዋት አምፖል ዘጠኝ ሰዓት የሚያበራ ኃይል ማለት ነው። አንዱን ጀሪካን አቀበት ለማውጣት ብቻ!

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ከቧንቧ የሚፈስ ውሃ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። የፈነዳ ቧንቧ መጠገን የኃይል ሥራ ነውና በኃይል ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ፣ ከፍታ ላይ ያለ ማጠራቀሚያ ከሁሉም የረከሰ ባትሪ ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ሞልታችሁ፣ በሌለበት ሰዓት በራሱ ስበት ታወርዱታላችሁ።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ሰፈራችሁ በቀን ስንት ሜትር ኩብ እንደሚጠቀም ከውሃና ፍሳሽ ቢሮ ጠይቁ። ማጠራቀሚያው ስንት እንደሚይዝ ጠይቁ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ከሁለት ቀን በታች ከሆነ ሌላ ነገር ከመመኘታችሁ በፊት ማጠራቀሚያ ጠይቁ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የራሳቸው ሮቶ ይኑራቸው። በገጠር ቀበሌዎች፣ በዋሂልም ሆነ በጀልዴሳ በኩል፣ ለመለስተኛ ጉድጓድ በሶላር የሚሠራ ፓምፕ በጣም ይስማማል። ፀሐይ ባለችበት ቀን ይስባል፣ ማታ ማጠራቀሚያው ይሰጣል። ባትሪ እንኳ አያስፈልገውም።

5. የነገውን በሦስት መንገድ ገምቱ

አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የወደፊቱን መገመት ያሳስታል። ሦስት ያዙ። ዛሬ የምትጠቀሙት 100 ቢሆን፣ በዓመት 3 በመቶ ካደገ ከ10 ዓመት በኋላ 134 ይሆናል። 7 በመቶ ካደገ 197፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። 10 በመቶ ካደገ 259 ይደርሳል። ልዩነቱን ተመልከቱ። ድሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ሲሚንቶ ፋብሪካ አላት። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣናም በ2014 ዓ.ም. እዚሁ ተመርቋል። የኤሌክትሪክ መኪናም እየበዛ ነው። ዝቅተኛውን ግምት ብቻ ይዞ መተኛት አይቻልም።

ከጠቅላላው ፍጆታ ይልቅ ጭነቱ የሚበዛበትን ሰዓት ተከታተሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። ከ50 በላይ ቬንትሌተር ማለት ነው። 1,000 ቤት በአንድ ጊዜ እንጀራ ቢጋግር 3.5 ሜጋ ዋት ነው። ለዚህ ነው በበዓል ዋዜማ ትራንስፎርመር የሚፈነዳው። ሰፈሩ ተነጋግሮ የመጋገሪያውን ቀንና ሰዓት ቢከፋፈል፣ ያለ አንድ ብር ወጪ ትራንስፎርመሩ ይተርፋል። አቦ፣ ቀላል ነገር ነው፤ ቡና ላይ ተነጋግሮ የሚያልቅ።

6. ከርካሹ ጀምራችሁ ምረጡ

ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው፦ ብክነት መቀነስ፣ ማጠራቀም፣ እዚያው ማመንጨት፣ ከዚያ በኋላ ትልቁ ግንባታ። የድሮውን አምፖል በኤልኢዲ መቀየር፣ ቆርቆሮ ጣሪያን ነጭ መቀባትና ከሥሩ ኮርኒስ መሥራት፣ ዛፍ መትከል። የከዚራን ጥላ የሚያውቅ ሰው ዛፍ ስንት ቬንትሌተር እንደሚተካ ያውቃል።

ሶላርን በምሳሌ ልሥራው። አንድ ጤና ጣቢያ መጠበቅ የማይችሉ ዕቃዎቹን ብቻ ቆጠረ እንበል። የክትባት ማቀዝቀዣ በቀን 1 ኪሎ ዋት ሰዓት። አሥር ባለ 9 ዋት አምፖል ለ8 ሰዓት፣ 0.7። አራት ባለ 60 ዋት ቬንትሌተር ለ10 ሰዓት፣ 2.4። የማዋለጃ ክፍል መሣሪያ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ኮምፒውተርና ስልክ በአንድ ላይ 1.2። ድምሩ 5.3 ነው። በእኛ ፀሐይ 1 ኪሎ ዋት ፓነል ከነብክነቱ በቀን 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም። 5.3 ለ4 ሲካፈል 1.3 ይመጣል። ለደመናና ለአቧራ ጨምሩና 2 ኪሎ ዋት ግዙ። ባትሪው አንድ ሙሉ ቀን እንዲይዝና እስከ መጨረሻው እንዳይራቆት 5.3ን ለ0.8 አካፍሉ፣ ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል።

የድሬ ሙቀት ግን በነጋዴው ወረቀት ላይ የለም። የፓነል አቅም የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀትር ላይ ፓነሉ ራሱ 60 ዲግሪ ሲደርስ 14 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት። ነፋስ እንዲገባ ቢያንስ የስንዝር ያህል ከፍ ይበል። የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ የተጣለ ገንዘብ ነው። ጥላ ያለው፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ አየር የሚያገኝ ክፍል ስጡት። አቧራውን በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ፓነሉ ሳይግል ጥረጉ። ጥራጊውን የሚያደርገው ሰው ስሙ ይጻፍ።

ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይር መሣሪያ) ስታስገቡ ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ከመስመሩና ከመጠባበቂያው አንዱን ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ ማጥፊያ ግዴታ ነው። ያለ እሱ የእናንተ ኃይል ወደ መስመሩ ተመልሶ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

7. ከሰልና ናፍጣን አትዝለሉ

አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊው አሠራር ለማክሰል ቢያንስ 5 ኪሎ እንጨት ይነዳል። መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ከሰል የሚመለስ ቤት ብዙ ነው። የመስመር መቆራረጥ እንግዲህ ዛፍም ያስቆርጣል። በአካባቢያችን የተስፋፋውን ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ ለከሰል መጠቀም የግራሩን ሸክም ሊያቀልለት ይችላል። ነገር ግን የተቆረጠው ጉቶ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከሥሩ መነቀል አለበት። "ምርጥ" የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። "ላቀች" የሚባለው የከሰል ምድጃም ከሰል ይቆጥባል። ቀፊራ ከሰል የሚሸጡ እናቶችን ስብሰባችሁ ላይ ጥሩ። የዋጋውን መውጣትና መውረድ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ፤ ለውጡ የሚነካውም የእነሱን እንጀራ ነው።

ለጄኔሬተር፣ 1 ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። "ደቂቃ" ዓምድ ላይ ያሉት ለሦስት ቀን የሚፈልጉትን ኃይል ደምሩና ለ3 አካፍሉ። በሊትር ይመጣላችኋል። ያ መጠን ሁልጊዜ በርሜል ውስጥ ይኑር።

8. ጎርፉን አስቡ

በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ትራንስፎርመር፣ የባትሪ ክፍል፣ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ከወንዙ ዳር ይራቅ፣ ከመሬትም ከፍ ይበል። ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ያን ሌሊት ያዩ የሰፈሩን ሰዎች ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ግድግዳ ላይ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።

9. ስም፣ ብርና ቀን ጻፉ

ለእያንዳንዱ ቀይ ክብ አንድ ኃላፊ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ቀን። ከግዢው ዋጋ ለብቻው የጥገና ገንዘብ አስቀምጡ። ሶላር ገዝቶ የተቃጠለ ፊውዝ መቀየሪያ ያጣ ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት ተማሪዎችን ለምዝገባውና ለልኬቱ ጋብዙ፤ እነሱም የሚማሩበት ነው።

ጄኔሬተር በየወሩ ለግማሽ ሰዓት፣ ጭነት ተሸክሞ ይነሣ። ባዶውን ማስነሣት ፈተና አይባልም።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ልምምድ አድርጉ። ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት፣ መጋቢት ላይ ጥሩ ነው። ሐኪሞቹ አስቀድመው አውቀውና ተስማምተው፣ ሕመምተኛ በማይጎዳበት አኳኋን፣ የጤና ጣቢያውን ዋና መስመር ለሁለት ሰዓት አጥፉ። ስንት ደቂቃ ላይ መጠባበቂያው እንደተነሣ፣ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንደነበር፣ የትኛው ክፍል እንደጨለመ ጻፉ። ዕድሩም በዚያው ሰዓት የአዛውንቶቹን ቤት አንኳኩቶ ይይ። ያገኛችሁትን ጉድለት ያኔውኑ ወደ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ መልሱት፣ ቀኑንም ከጎኑ አስፍሩ።